ዘይትን በጠብታ የመጠኑ ሰው፤ የኤላይጃ ማኮይ የሕይወት ታሪክ

መኪና ላየው ሰው ብረት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ጥቂት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ይግላል፤ ከጋለ በኋላ ይፋቃል፤ ከተፋቀ በኋላም ተጣብቆ ይቆማል። ይህን ሁሉ ብረት ከጥፋት የሚያድነው በመካከሉ የሚገባው ከወረቀት እንኳ የሚሳሳ የዘይት ሽፋን ነው። ይሁን እንጂ የሞተር ኀይል ሲመሰገን ዘይቱን የሚያነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ዘይት የሚታወሰው ያለቀ ዕለት ነው።

በየጋራዡ ደጃፍ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር እናያለን። ያረጀ የካሚዮን ሞተር ይወርዳል፤ ሲሊንደሩ ይስተካከላል፤ ፒስቶኑና ፋሻው ይለወጣል፤ ጉልበቱም ከቀድሞው እንዲበልጥ ይደረጋል። ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ያወጣውን ባለቤት በመጨረሻ የሚያስጨንቀው ጥያቄ፥ ምን ዓይነት ዘይት ላድርግበት የሚል ነው። አንዱ ወዳጁ ወፍራሙን እንዲመርጥ ይመክረዋል፤ ሁለተኛው ቀጭኑን ያመሰግንለታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዘይት ሁሉ አንድ ነው ብሎ ነገሩን ያቃልልበታል። ባለቤቱም ከሦስቱ የማንን ምክር እንደሚከተል ሳያውቅ፥ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ቆርቆሮው ያማረለትን ገዝቶ ይሄዳል።

ይህን ጥያቄ በቁጥርና በሠንጠረዥ ብቻ ከመመለስ ይልቅ፥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለዚሁ ነገር ሲያስቡ የኖሩትን የአንድ ጥቁር መሐንዲስ ታሪክ ማቅረቡ ለተማሪዎቻችንና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞቻችን ይበልጥ ይጠቅማል ብለን አሰብን። ስማቸው ኤላይጃ ማኮይ ይባላል፤ ኤላይጃ ማለት በእኛ አጠራር ኤልያስ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ያስተውሉልን።

ሐዲድ በሌለው ባቡር

ማኮይ የተወለዱት ሜይ 2 ቀን 1844 ዓ.ም. በካናዳ አገር፥ በኦንታሪዮ ክፍል፥ ኮልቼስተር በምትባል ስፍራ ነው። አባታቸው ጆርጅ፥ እናታቸው ሚልድሬድ ይባሉ ነበር። ሁለቱም በአሜሪካ በኬንተኪ ክፍለ አገር በባርነት ይገዙ የነበሩ ናቸው። ከጌቶቻቸው እጅ አምልጠው ወደ ሰሜን ሊደርሱ የቻሉት፥ ኮብላዮችን ቀን እየሸሸጉ ሌሊት እያሻገሩ ይረዱ በነበሩ ቅን ሰዎች አማካይነት ነው። ይህ የምሥጢር መንገድ በዚያን ጊዜ የምድር ውስጥ ባቡር የሚል ስም ወጥቶለት ነበር፤ ነገር ግን ሐዲድም መኪናም አልነበረውም። መንገዱ ጫካ፥ ማደሪያው የእኽል ጎተራ፥ መሪውም የሰሜን ኮከብ ነበረ። ሐዲድ በሌለው ባቡር አምልጠው ነጻ የወጡት ሰዎች ልጅ፥ ኋላ ሐዲድ ያለውን እውነተኛ ባቡር ለማገልገል መታደሉን ስናስብ ነገሩ ያስደንቀናል።

በአብዛኛው የእንግሊዝ ግዛት ባርነት ከ1834 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የተሻረ ስለ ነበረ፥ ካናዳ ለኮብላዮች የዕረፍት አገር ነበረች። በአሜሪካ ግን በ1850 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፥ ባርነት በሌለበት ክፍለ አገር የተገኘ ኮብላይ እንኳ ሳይቀር ተይዞ ለጌታው እንዲመለስ ያዝዝ ነበር። እንግዲህ ማኮይ ያደጉት፥ ወንዝ ማዶ ያለው ሕግ ወላጆቻቸውን እንደ ጠፋ ከብት በሚፈልግበት ዘመን ነው።

ሕፃኑ ኤላይጃ ከልጅነታቸው ጀምሮ መሣሪያ መፍታትና መልሶ መግጠም ይወዱ እንደ ነበረ ይነገራል። ወላጆቻቸውም ይህን ዝንባሌ አይተው ችላ አላሉትም። ራሳቸው ከባርነት ያመለጡ ሰዎች፥ ልጃቸው መሐንዲስ እንዲሆን ቈረጡ። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን አንድ ጥቁር ወጣት በአሜሪካ የምሕንድስና ተለማማጅ ለመሆን የሚያስችለውን በር ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ልጁ 15 ዓመት ሲሞላቸው ወላጆቻቸው ውቅያኖስ አሻግረው ወደ ስኮትላንድ፥ ወደ ኤዲንብራ ከተማ ላኳቸው። ስኮትላንድ የእንፋሎትን መኪና ያሻሻለው የጄምስ ዋት የትውልድ አገር መሆኗን ተማሪዎቻችን ያውቃሉ። ማኮይ በዚያች ከተማ በተለማማጅነት ከሠሩ በኋላ የመካኒክ መሐንዲስነት ማስረጃቸውን ተቀበሉ።

የመሐንዲስ ማስረጃ፥ የማገዶ አካፋ

ማኮይ ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ቤተ ሰቦቻቸው ሚሺጋን በተባለው ክፍለ አገር፥ በኢፕሲላንቲ ከተማ አጠገብ ሰፍረው ነበር። በ1861 ዓ.ም. ተነሥቶ የነበረው የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ዓ.ም. ተፈጽሞ፥ ባርነትም በዚያው ዓመት በሕገ መንግሥት ተሽሯል። ነገር ግን በሕግ ነጻ መሆን ሌላ፥ ለሥራ ተጠይቆ በወንበር ላይ መቀመጥ ሌላ ነበር። ማኮይ ማስረጃቸውን ይዘው ሥራ ቢፈልጉ፥ ጥቁር መሐንዲስ የሚቀጥር አላገኙም። በመጨረሻ የሚሺጋን ሴንትራል የምድር ባቡር ኩባንያ የሰጣቸው ሥራ፥ በባቡር ላይ ማገዶ አንዳጅና ዘይት አጠጪ መሆን ነበር።

ይህ ሥራ ምን ዓይነት እንደ ነበረ መግለጽ ይገባናል። አንዳጁ ከቀን እስከ ማታ በእሳቱ አፍ ፊት ቆሞ ማገዶውን ሲጨምር ይውላል። ዘይት አጠጪ ሲሆን ደግሞ ባቡሩ በቆመበት ጊዜ ሁሉ የዘይቱን ጣሳ ይዞ ወርዶ በየመንኰራኵሩና በየመገጣጠሚያው ሥር እየዞረ ያጠጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፒስቶን የሚመላለስበት ሲሊንደር ነው። እንፋሎቱ በከፍተኛ ግፊት ስለሚገባበት፥ ባቡሩ በኀይል እየተሳበ ሳለ ቅባት ማፍሰሻው ቢከፈት እንፋሎቱ ቅባቱን መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ ቍልቍለት ተደርሶ እንፋሎቱ እስኪዘጋ ይጠበቃል፤ ያን ጊዜም አንዳጁ ባቡሩ እየሄደ ሳለ በጎኑ ባለው ጠባብ መተላለፊያ እየተንጠላጠለ እስከ ሲሊንደሩ ሄዶ ቅባቱን ያፈስ ነበር። በክረምት በረዶው በብረቱ ላይ ሲጋገር የዚህ ሥራ አደጋ ምን ያህል እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባናል። ማኮይ በፊታቸው ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው፥ የተማርኩት ለዚህ አይደለም ብለው አካፋውን ጥለው መሄድ ነው፤ ይህንም ቢያደርጉ የሚፈርድባቸው ሰው ባልተገኘ ነበር። ሁለተኛው፥ አካፋውን ይዘው የተማሩትን ማስታወስ ነው። እሳቸው ሁለተኛውን መረጡ። በደሉን አልወደዱትም፤ በደሉ ባስቀመጣቸው ስፍራ ግን ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ቢሮ ተቀምጦ የሚነድፈው መሐንዲስ የማያየውን ነገር፥ ዘይት አጠጪው በየቀኑ ያየው ነበር።

ያዩትም ይህ ነው። ዘይት በአንድ ጊዜ ብዙ ሲፈስስ ትርፉ ይባክናል፤ በእንፋሎቱም ተጠርጎ በጭስ ማውጫው ይወጣል። እስከሚቀጥለው ጊዜ ድረስ ደግሞ ብረቱ ይራባል። እንደዚህ ጠግቦና ተርቦ የሚኖር መኪና ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ መኪናው የሚፈልገው ብዙ ዘይት ሳይሆን የማያቋርጥ ጥቂት ዘይት መሆኑን ተረዱ።

እንፋሎቱ ራሱ ዘይት ሲያጠጣ

ማኮይ በኢፕሲላንቲ በትንሽ የግል መሥሪያ ቤታቸው ሲደክሙ ቆይተው፥ ጁላይ 23 ቀን 1872 ዓ.ም. ለእንፋሎት መኪና የሚሆን የዘይት ማጠጫ የፈጠራ መብት ከአሜሪካ መንግሥት ተሰጣቸው። የመብቱ ወረቀት ቍጥር 129,843 ነው። የሐሳቡ ፍሬ ነገር፥ ሰው በጣሳ የሚያደርገውን ሥራ የመኪናው እንፋሎት ራሱ በግፊቱ እንዲያደርገው ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በብዙ ባቡሮች ላይ የተስፋፋው የዘይት ማጠጫ የሚሠራበትን መንገድ ባጭሩ እንግለጽ። በዘይት የተሞላ ዕቃ ውስጥ ጥቂት እንፋሎት ይገባል። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ውኃ ይሆናል። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርድና ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። የተገፋውም ዘይት በቀጭን ቧንቧ አልፎ አንድ አንድ ጠብታ እየሆነ ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል። ጠብታው በመስተዋት ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ ሲደረግ፥ ነጂው ከመቀመጫው ሳይነሣ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚወርድ ቈጥሮ፥ ቢበዛ ለመቀነስ ቢያንስ ለመጨመር ይችላል። ማኮይ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት እንደዚህ ያለውን መሣሪያ እያሻሻሉ፥ የሚደፈነውን እየከፈቱ፥ የሚያፈሰውን እየዘጉ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። አንዳንድ ጸሓፊዎች ማኮይን በራሱ የሚሠራ የዘይት ማጠጫ በዓለም መጀመሪያ የፈጠሩ አድርገው ያቀርቧቸዋል። ነገር ግን ከእሳቸው በፊትም በእንግሊዝ አገር በእንፋሎት ኀይል የሚሠሩ ማጠጫዎች ነበሩ፤ የእሳቸውም የ1872ቱ ወረቀት የሚናገረው ስለ ማሻሻል ነው። ይህ ክብራቸውን አይቀንስም። ከመጀመሪያ አሳቢው ይልቅ፥ ሐሳቡ በብርድና በአቧራ በየቀኑ እንዲሠራ ያደረገው ሰው ለዓለም የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው።

የማኮይ የግል ኑሮ በዚያው ወራት ሐዘንና ደስታ የተቀላቀለበት ነበር። በ1868 ዓ.ም. ያገቧቸው አን ኤሊዛቤት ስቱዋርት ከአራት ዓመት በኋላ ሞቱባቸው። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ ሜሪ ኤሌኖራ ዴላኒን አገቡ። ወይዘሮ ሜሪ ኋላ በዲትሮይት ከተማ የጥቁር ሴቶችን የበጎ አድራጎት ማኅበሮች በማቋቋም ስማቸው የታወቀ ሴት ናቸው። ባልና ሚስቱ ወደ ዲትሮይት የሄዱት በ1882 ዓ.ም. ነው።

ማኮይ በጠቅላላው 57 ያህል የፈጠራ መብቶች ተሰጥተዋቸዋል። አብዛኞቹ ስለ ዘይት ማጠጫ ናቸው፤ ነገር ግን ታጥፎ የሚቀመጥ የልብስ መተኰሻ ጠረጴዛና የአትክልት ውኃ መርጫም ይገኙባቸዋል። ታላቁ የጥቁሮች መምህር ቡከር ቲ. ዋሺንግተን በ1909 ዓ.ም. ባሳተሙት የጥቁር ሕዝብ ታሪክ፥ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ብዙ የፈጠራ መብት ያገኙት ማኮይ መሆናቸውን መስክረዋል። ይሁን እንጂ መብት ማግኘትና ሀብት ማግኘት አንድ አይደለም። ማኮይ ፋብሪካ የሚያቋቁሙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው፥ የብዙዎቹን ፈጠራዎች መብት ለባለ ገንዘቦች በሙሉ ወይም በከፊል እየሰጡ ለሚቀጥለው ሥራ የሚሆን ገንዘብ ያገኙ ነበር። ከዚህም የተነሣ በአገሩ ሐዲድ ላይ የሚመላለሱት ማጠጫዎች ብዙዎቹ የሌሎችን ስም ተሸክመው ይሄዱ ነበር።

መኪናው ሲለወጥ ዘይቱም ይለወጣል

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንቀርባለን። ማኮይ ሥራ በጀመሩበት ዘመን ለሲሊንደር የሚፈስሰው ቅባት የከብት ሞራ ነበር። ሞራ በመጠነኛ ሙቀት ደኅና ያገለግላል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ግን ይፈርስና ብረትን የሚበላ አሲድ ያወጣል። በ1859 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ፥ ታይተስቪል በተባለ ስፍራ የነዳጅ ዘይት ተቈፍሮ ከተገኘ በኋላ፥ ከዚያ የሚጣራው ዘይት ቀስ በቀስ የሞራን ስፍራ ወሰደ። በ1866 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ክፍለ አገር ለመኪና የሚሆን ዘይት የሚያጣሩ ሁለት ኩባንያዎች ተቋቋሙ፤ ከእነዚህ አንደኛው ኋላ ቫልቮሊን በተባለው ዘይት የታወቀው ነው። ይህ ስም ራሱ የመጣው ቫልቭ ከሚለው ቃል ነው።

ነገር ግን መኪናውም አልቆመም። ቪልሄልም ሽሚት የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ፥ እንፋሎቱ ከጋኑ ከወጣ በኋላ እንደ ገና በእሳት መካከል አልፎ እንዲግል የሚያደርግ ዘዴ ፈጠረ፤ ዘዴውም ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ በፕሩስያ ባቡሮች ላይ ገባ። ከዚህ በፊት ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረው የእንፋሎት ሙቀት ከ300 በላይ ወጣ። የባቡሩ ጉልበት ጨመረ፤ የሚፈጀውም ማገዶና ውኃ ቀነሰ። ብዙ አሮጌ ባቡሮችም ይህ ዕቃ እየተጨመረባቸው ታደሱ። ነገር ግን ወዲያው አዲስ ችግር መጣ። የቀድሞው እንፋሎት እርጥበት ስለ ነበረው ብረቱን በጥቂቱ ያለሰልሰው ነበር፤ አዲሱ ግን ደረቅ ነው። የቀድሞው ዘይት በዚህ ሙቀት እየተቃጠለ ከሰል ሆኖ በቫልቩና በፒስቶኑ ላይ ተጋገረ። መኪናው በጉልበት ታደሰ፤ ዘይቱ ግን የአሮጌው መኪና ዘይት ሆኖ ቀረ።

ማኮይ በዚህ ጊዜ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ብዙ ሰው በሚያርፍበት ዕድሜ እሳቸው ይህን ችግር ያዙ። በእርሳስ እንጨት ውስጥ የሚገኘው ግራፋይት የተባለው ጥቁር ማዕድን ሙቀትን ይችላል፤ ብረትንም ያንሸራትታል። ስለዚህ ከዘይት ጋር ቢቀላቀል መልካም ነው። ችግሩ ዱቄቱ ከዘይቱ ስለሚከብድ ወደ ታች እየዘቀጠ ቀጭኑን ቧንቧ መድፈኑ ነው። ማኮይ ግራፋይትና ዘይት ሳይደፍን አብሮ የሚሄድበትን ማጠጫ ሠርተው በ1915 ዓ.ም. መብቱን ተቀበሉ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይህን ያስበልጡ እንደ ነበረ ይነገራል።

የእኛም አገር የምድር ባቡር በ1902 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የሚስበው የእንፋሎት መኪና ነበር። ስለዚህ ከሩቅ አገር የምናወራው ይህ የጠብታ ጉዳይ፥ በአዋሽ በረሃ ባቡር ሲያስነሡ ለነበሩት አባቶቻችንም እንግዳ አልነበረም።

ከባቡር ወደ ካሚዮን

እንፋሎቱ ዛሬ ስፍራውን ለቋል፤ ማኮይ የተከተሉት ሐሳብ ግን በካሚዮን ሞተር ውስጥ ይኖራል። ሐሳቡም፥ የዘይት ምርጫ የሚወሰነው በወሬ ሳይሆን ብረቱ በሚያገኘው ሙቀት፥ ክብደትና ክፍተት ነው የሚል ነው። እንግዲህ አሮጌ ሞተር አሳድሶ ጉልበት የጨመረበት ሰው ከዚህ ሐሳብ ተነሥቶ ቢመረምር አይሳሳትም።

በመጀመሪያ የዘይቱን ውፍረት ይመለከታል። የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ ዘይትን በውፍረቱ በቍጥር መድቦታል። በቆርቆሮው ላይ 10 ደብልዩ 40 ተብሎ ሲጻፍ፥ ደብልዩ የተባለው ፊደል ክረምት ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የቆመ ነው። የመጀመሪያው ቍጥር በብርድ፥ ሁለተኛው በሞተሩ ሙቀት ያለውን ውፍረት ያመለክታል። ታድሷልና ወፍራም ዘይት ይግባበት የሚለው አነጋገር እውነተኛ መሠረት የለውም። ክፍተቱ ጠበብ ተደርጎ ለተገጠመ ሞተር በጣም ወፍራም ዘይት ማግባት፥ በጧት ሲነሣ ዘይቱ ቶሎ እንዳይደርስ ያደርጋል። ክፍተቱ ሰፋ ተደርጎ ለተገጠመና ከባድ ጭነት ይዞ በሙቀት ለሚሠራ ሞተር ደግሞ ቀጭን ዘይት ሽፋኑን ሊያስበጥስ ይችላል። ስለዚህ የፋብሪካውን መጽሐፍ መመልከት፥ የገጠመውን መካኒክ የለካውን ክፍተት መጠየቅ፥ ሞተሩም ከጋለ በኋላ የዘይቱን ግፊት በመለኪያው መከታተል ይገባል።

ሁለተኛው ነገር በዘይቱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። በብዙ አሮጌ የካሚዮን ሞተሮች ውስጥ ቫልቭ የሚያነሣው የካሙ እብጠት፥ ከበላዩ ያለውን ብረት እየፋተገ ያንሸራትተዋል እንጂ በመካከላቸው የሚሽከረከር ነገር የለም። በዚህች ጠባብ ስፍራ ላይ የሚያርፈው ጫና እጅግ ከባድ ስለ ሆነ የዘይቱ ሽፋን ብቻውን አይበቃም። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ዚንክና ፎስፎረስ ያለበት ቅመም በዘይት ውስጥ የሚጨመረው ስለዚህ ነው፤ ዘይቱ በሳሳ ጊዜ ቅመሙ በብረቱ ላይ መከላከያ ሽፋን ይሠራል። ነገር ግን ፎስፎረስ የዘመናይ መኪናዎችን የጭስ ማጣሪያ ስለሚያበላሽ፥ በተለይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ለትንንሽ መኪናዎች በሚዘጋጀው ቀጭን የቤንዚን ሞተር ዘይት ውስጥ መጠኑ እንዲያንስ ተደረገ። ለአዲሱ መኪና መልካም የሆነው ዘይት ለአሮጌው ካም የሚያንሰው ከዚህ የተነሣ ነው። ባለቤቱ ለዚህ ዓይነት ሞተር ተብሎ የተዘጋጀውን ዘይት ቢፈልግ ይሻለዋል። ዚንኩ ይጠቅማል ተብሎ ያለ ልክ መጨመርም ጥቅም የለውም። ካሙ በሚሽከረከር ተሽከርካሪ ላይ የሚሠራ ሞተር ከሆነ ደግሞ ይህ ጭንቀት በጣም ይቀንሳል።

ሦስተኛው የመጀመሪያዋ ሰዓት ናት። አዲስ ካም የገባበት እንደዚህ ያለ አሮጌ ሞተር ሲነሣ በዝግታ ተትቶ እንዲያጕረመርም አይደረግም። ከመነሣቱ በፊት ዘይቱ በየስፍራው እንዲደርስ ይደረጋል፤ ከተነሣም በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል በደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 በሚሆን ዙር ይሠራል። ምክንያቱም የካሙ እብጠት ዘይት የሚያገኘው በአብዛኛው ከሌላው ብረት ዙር ከሚረጨው ስለ ሆነ ነው። ለዚህም ጊዜ ለማለማመጃ የሚሆን ተራ የማዕድን ዘይት ከቅመሙ ጋር ይመረጣል፤ ከዚያም የተፋቀውን የብረት ብናኝ ይዞ እንዲወጣ ዘይቱና ማጣሪያው ቶሎ ይለወጣሉ። በዚህች ግማሽ ሰዓት የሚደረግ ቸልተኝነት የወራት ድካም ያጠፋል።

የመጨረሻ ዘመናቸው

ማኮይ በ1920 ዓ.ም. በዲትሮይት በስማቸው የሚጠራ የማጠጫ ፋብሪካ ኩባንያ አቋቋሙ። ያን ጊዜ 76 ዓመታቸው ነበር። በራሳቸው ስም የተሠራ ዕቃ ለማየት ግማሽ ምእት ዓመት ያህል መጠበቃቸውን ስናስብ እናዝናለን። ደስታውም ብዙ አልቆየም። በ1922 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ሳሉ የመኪና አደጋ ደረሰባቸው፤ ወይዘሮ ሜሪ በዚሁ የተነሣ ሞቱ፤ እሳቸውም ከደረሰባቸው ጕዳት ከቶ ሳይድኑ ቀሩ። ገንዘባቸውም ጤናቸውም እየቀነሰ ሄደ። በ1928 ዓ.ም. በዲትሮይት አጠገብ ኤሎይዝ ወደሚባለው የድኾችና የድውያን መጦሪያ ገቡ። በዚያም ኦክቶበር 10 ቀን 1929 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከሞቱ በኋላ ግን አገራቸው ቀስ በቀስ አስታወሰቻቸው። በ2001 ዓ.ም. ስማቸው በአሜሪካ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ገባ። በ2012 ዓ.ም. የአሜሪካ የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት በዋና ከተማው አካባቢ ካለው መሥሪያ ቤት ውጭ የመጀመሪያውን ቅርንጫፉን በዲትሮይት ሲከፍት፥ ቅርንጫፉን በማኮይ ስም ሰየመው። መብታቸውን ለሌሎች እየሸጡ የኖሩት ሰው፥ መብት የሚሰጥበት ቤት በስማቸው ተጠራ።

ስለ ስማቸው ሌላም ወሬ አለ። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ሐሰት የሌለበት፥ ትክክለኛው ዕቃ መሆኑን ለመናገር፥ እውነተኛው ማኮይ ነው ይባላል። ይህም አነጋገር የመጣው የባቡር ሰዎች የሌላ ሰው ማጠጫ ሲቀርብላቸው የማኮይን ስለ ጠየቁ ነው እየተባለ ይተረካል። ታሪኩ ያምራል፤ ነገር ግን ተመሳሳይ አነጋገር፥ ማካይ በሚል ስም፥ ማኮይ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ በ1856 ዓ.ም. በስኮትላንድ በጽሑፍ ይገኛል። እኛም ስለ እውነተኛ ዕቃ የሚናገረውን ቃል ራሱ እውነተኛ ባልሆነ ታሪክ ልናጸናው አንወድም። ማኮይ ያለዚህ ተረትም ምስጋናቸው ሙሉ ነው።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው

በአገራችን የእጅ ሥራን መናቅ የቆየ ደዌ ነው። ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ፋቂውን በሥራው ይሰድቡት የነበሩ ሰዎች በቀጥቃጩ ማረሻ አርሰው፥ የሸማኔውን ሸማ ለብሰው ይኖሩ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ይህ ደዌ አገር እንደሚጎዳ ስለ ተረዱ ነው። ደዌው በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ዛሬም ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ጠረጴዛና ወንበር ሲያገኝ፥ ዘይት የነካውን እጅ ለመጨበጥ የሚያፍርበት ጊዜ አለ።

ማኮይ ያለ አግባብ ወንበር ተከልክለው የዘይት ጣሳ ተሰጣቸው። ያ በደል ነበር፤ በደልነቱንም ዓመታት አልሻሩትም፤ እንዲያው ስንት ሌላ ማኮይ በአካፋ ሥር ቀርቶ ይሆን ብለን እንድንጠይቅ ያደርገናል። ስለዚህ ሰው በመቅጠር ሥልጣን ላይ ያላችሁ ወጣት ሹማምንት፥ በፊታችሁ የቆመውን ሰው ከመልኩና ከዘሩ ይልቅ በችሎታው መዝኑት። በትንሽ ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ፥ ሥራውን አሳንሳችሁ በማየት ዓይናችሁን አትጨፍኑ፤ ሌላው የማያየው ነገር ከእናንተ ፊት ይሆናልና።

የመንግሥት መኪና የተሰጠውም፥ የራሱን አሮጌ ካሚዮን ያሳደሰውም ነገ ጧት ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ይመልከት። ዘይቱ ልኩ ላይ ከሆነ፥ ዓይነቱም ለዚያ ሞተር የተመረጠ ከሆነ፥ ማኮይ 57 ጊዜ የደከሙለትን ነገር በአንዲት ደቂቃ ፈጸመ ማለት ነው።